የእናታቸውን ስም የያዘው እንሽላሊት

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጭራው እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ እንሽላሊት ጭራ ብጥስ ይበል፤ እንደ እንሽላሊት ጭራም መልሶ አይብቀል። አላምንም የሚል ካለ አልቀየመውም፤ እኔም ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር። ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየነው መምህሩ ስለ ገበሎና ስለ እንሽላሊት ሊያስተምሩን በተዘጋጁበት ሰሞን ስለሆነ፣ የሳይንሱን ነገር የማወራው ከሰው አፍ የለቀምኩትን ነው። የጠቡን ነገር ግን ለእኔ ተዉት። ለጠብ ዲግሪ አያስፈልግም፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ዲግሪም ነበራቸው።

በአንድ የእንስሳት ሙዚየም ምድር ቤት ጎብኚ የማይደርስበት ክፍል አለ። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ብልቃጥ፣ ብልቃጡ ውስጥ አልኮል፣ አልኮሉ ውስጥ እንሽላሊት። መስኮት የለውም፤ ብርሃኑ ሲፈልግ የሚበራ ሳይፈልግ የሚንቀጠቀጥ ረጅም ነጭ መብራት ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ወንድምና እህት ይሠራሉ፤ ከአንድ አባት፣ ከአንድ እናት። ወለሉን ከመሐል ለሁለት የሚከፍል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። የለጠፈችው እህትየው ናት። ወንድምየው ምሳ እስክትወጣ ጠብቆ ፕላስተሩን ልጦ አነሳና ወደ እሷ በኩል ገፋ አድርጎ መልሶ ለጠፈው። ስትመለስ አየች። በነጋታው ወንድምየው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ አንዱ የበርጩማ እግር ከሌሎቹ አጥሮ ጠበቀውና ከነሻዩ ተንጋለለ። መጋዙ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም።

ሙዚየሙ ውስጥ ወንድምየውን “ጠቅልል”፣ እህትየውን “ሰንጥቂ” ይሏቸዋል። ስሙን ያወጣችላቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጠቅልል ሁለት የሚመሳሰሉ እንሽላሊቶች ካየ “አንድ ናቸው፣ ምን ያዳክራችኋል” ብሎ አንድ ስም ሥር ይጠቀልላቸዋል። ሰንጥቂ ደግሞ አንድ ብልቃጥ ውስጥ አብረው ያረጁ ሁለት እንሽላሊቶች ካገኘች፣ የአንዱን ጣት ከሌላው ጣት በማጉያ መነጽር አስተያይታ “እነዚህ አይተዋወቁም” ብላ ታፋታቸዋለች። እሱ አንገተ ረጅም፣ ምድር ቤት ውስጥም ክራባት የማያወልቅ ነው። እሷ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታ እርሳስ ስትፈልግ የምትውል ናት። አንድ ማህፀን እንዳፈራቸው ማንም አይገምትም።

ከተቀያየሙ ወዲህ አንተና አንቺ መባባል አቁመዋል። “ዶክተር” እና “እርስዎ” ሆነዋል። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ከእነሱ አፍ ከሚወጣ “እርስዎ” ጥፊ ይሻላል። ሲብስባቸው ደግሞ ክንድ ለክንድ እየተነካኩ በጽዳት ሠራተኛዋ በኩል ይነጋገራሉ።

“ለዶክተር ንገሪልኝ፤ ማጉያውን ከጨረሱ ይመልሱ” ይላል ጠቅልል።

“ሰምተዋል እኮ ዶክተር፤ አጠገብዎ ቆመዋል።”

“ንገሪያቸው አልኩሽ።”

“ዶክተር፣ ማጉያውን ይመልሱ ይሉዎታል።”

“ማጉያ ለሚያይ ሰው ነው በይልኝ። እሳቸው የፈለጉትን ሳያዩም ያገኙታል።”

“ኧረ እኔ ወለሌን ልወልውልበት!” ትላለች የጽዳት ሠራተኛዋ፤ ባልዲዋን አንሥታ ውልቅ።

የሚጣሉበት እንሽላሊት አኖል ይባላል። ወንዱ ከአገጩ ሥር የታጠፈ ቆዳ አለው። ሌላ ወንድ ሲያይ ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያንን ቆዳ እንደ ማራገቢያ ፈልቅቆ ይዘረጋዋል፤ “እዚህ ባለቤት አለ” ማለቱ ነው። የማራገቢያው ቀለም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ መታወቂያቸው እሱ ነው። አኖሎች የሚበዙት ደሴት ላይ ሲሆን፣ በየደሴቱ ዛፉን እንደ ፎቅ ቤት ተከራይተውታል። ግንዱ ሥር የሚኖረው እግረ ረጅም ሯጭ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ትልቅና አረንጓዴ ነው። ቀጫጭን ጭራሮ ላይ የሚኖረው ደግሞ እግሩ አጭር፣ አካሄዱ የሕልም፣ መልኩ ራሱ የደረቀ ጭራሮ። ወደ ሌላ ደሴት ብትሻገሩ እነዚያው ተከራዮች እነዚያው ፎቆች ላይ ቁጭ ብለው ታገኟቸዋላችሁ። ታዲያ የሁለቱ ደሴት ጭራሮ ነዋሪዎች ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የጭራሮ ነዋሪው የሥጋ ዘመድ እዚያው ደሴቱ ላይ ያለው፣ ምንም የማይመስለው እግረ ረጅሙ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ እንቅልፋም፣ አንድ ወሬ አቀባይ፣ አንድ የአለቃ ቦርሳ ተሸካሚ አይጠፋ የለ? የየመሥሪያ ቤቱ እንቅልፋሞች ከአንድ እናት ተወልደው አይደለም። ወንበሩ ነው አንድ አድርጎ የቀረጻቸው። እንሽላሊቱንም ጭራሮው እንዲህ ቀረጸው።

የጠቡ ሥር አንድ ብልቃጥ ነው። ከምዕራቡ ደሴት የጭራሮ እንሽላሊቶች ጋር ብዙ ዘመን ተደርድሮ ኖሯል፤ ውስጡ ያለውም ቁርጥ እነሱን ነው። እግሩ ላይ የታሰረችው ካርድ ግን የተያዘው በምሥራቁ ደሴት፣ ከአንድ ሸለቆ ነው ትላለች። ከሰንጥቂ በፊት የነበሩት ሁሉ “ካርዷ ተሳስታ ነው” ብለው አለፉት። ሰንጥቂ አላለፈችውም። የጣቱን ሥር ቅርፊት፣ የመንጋጋውን አጥንት፣ የጭራውን አንጓ ስታይ ሰነበተችና ነገሩ ገባት። ይህ የምሥራቁ እግረ ረጅም የሥጋ ዘመድ ነው፤ ጭራሮ ላይ ኖሮ ኖሮ ጭራሮ የሆነ፣ ማንም ስም ያላወጣለት ዝርያ ነው። ሰው በዕድሜው አንዴ ቢያገኝ የሚበቃው ነገር። ክፋቱ፣ ያገኘችው እናቷ ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን ሆነ።

ሆስፒታሉ ከሙዚየሙ በእግር የሚኬድ ነው። ጠቅልል ከእናቱ አልጋ ሥር አልተነሳም፤ ይደውላል። “መጣሁ፤ አንድ እግር ብቻ ለክቼ” ትለዋለች። እግሩን ስትጨርስ ጣት አለ፤ ጣቱን ስትጨርስ መንጋጋ አለ። በመጨረሻ ጠቅልል በዚያ በሚያስጠላ የተረጋጋ ድምፁ “ደህና ናት፤ ሥራሽን ጨርሺ” አላትና ዘጋው። እሷም ጨረሰች። ስትደርስ አልጋው ለሌላ በሽተኛ ተነጥፎ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የሰንጥቂ ጽሑፍ በሙዚየሙ መጽሔት ወጣ። አዲስ ዝርያ፤ እግሩ አጭር፣ ጀርባው ግራጫ፣ ማራገቢያው ነጭ። ስሙም የእናቷ ስም። ጠቅልል መጽሔቱን ይዞ መጣና ኮሪደር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ደረቷ ላይ ወረወረው።

“እናታችንን እንሽላሊት አደረግሻት?”

“ጋሼ፣ የማይጠፋ ስም እኮ ነው የሰጠኋት።”

“ስምማ ነበራት። ያጣችው ልጅ ነው።”

ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ ብሏት አያውቅም። እሷም ጋሼ ብላው አታውቅም። ብልቃጡ ፊት ተቀምጣ ስንት ጊዜ ለማሰብ ሞከረች፤ እናቷ በታመመችበት ጊዜ ምን አደረግሽላት ቢሏት የምታሳየው ያንን ስም ብቻ ነበር። ስሙ ከቆየ አንድ ነገር አድርጋለች። ስሙ ከተሻረ ባዶ እጇን ናት።

ጠቅልልም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ስሙን ሊሽር ተነሳ።

በእነሱ ሙያ ስም ይሞታል። አንድ እንስሳ ሁለት ስም ኖሮት ሲገኝ የቀደመው ይቆያል፣ የኋለኛው ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ የሞተ ስም ተብሎ በትናንሽ ፊደል ከግርጌ ይጻፋል። ጠቅልል የጻፈው ይህንን ነው፦ ካርዷ ተሳስታለች፣ የብልቃጡ እንሽላሊት የታወቀው የምዕራቡ የጭራሮ እንሽላሊት ነው፣ አዲሱ ስም የሞተ ስም ነው። ጽሑፉን ይዞ የሙዚየሙ ኃላፊና የመጽሔቱ አዘጋጅ ወደሆኑት ሽማግሌ ገባ። ሰንጥቂም ሰምታ ኖሮ ተከትላው ገባች።

ኃላፊውን “ጋሽ ይታያል” ይሏቸዋል። ጣሪያው ያፈሳል ሲሏቸው “ይታያል”፤ የዲኤንኤ መመርመሪያው ማሽን ተበላሽቷል ሲሏቸው “ይታያል”። ማሽኑ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ማስጣት ከጀመረች ቆይታለች።

“በሚቀጥለው እትም ይውጣልኝ” አለ ጠቅልል።

“ይታያል።”

“መታየት የለበትም። ዶክተር የተሳሳተ ብልቃጥ አንሥተው የእናታቸውን ስም ለጠፉበት፤ ይኸው ነው።”

“የእናታቸውን?” አለች ሰንጥቂ። “እርስዎንስ ማን ወለደዎት ዶክተር? ዳክዬ?”

“እኔን የወለደችኝ እጄን ይዛ የሞተችው ሴት ናት። የእርስዎን አላውቅም።”

ጋሽ ይታያል እስክሪብቷቸውን አነሱ፤ አስቀመጡ፤ ደግሞ አነሱ። ጠቅልል ጊዜ አልሰጣቸውም። “የምሥራቁ ደሴት ላይ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ካርዷ ላይ ከተጻፈው ሸለቆ አንድ ሕያው ወንድ ይያዝልኝ። የምዕራቡ ደግሞ እኔ ጋ በመስታወት ሳጥን አለ፤ ማራገቢያው ቢጫ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሚመጣውም ቢጫ ከዘረጋ ጽሑፌ ይወጣል።”

“ባይዘረጋስ?” አለች ሰንጥቂ።

“ቢጫ ካልሆነ ጽሑፌን እርስዎ ፊት እቀደዋለሁ።”

“ነጭ ነው የሚዘረጋው። መቅደጃ እጅዎን ያሙቁ።”

ጋሽ ይታያል ከወንበራቸው ግማሽ ተነሱ። “እንግዲህ… ይምጣና ይታይ” አሉ። ከዚህ በላይ ቆራጥ ሆነው ማንም አይቷቸው አያውቅም።

እንሽላሊቱ በአየር መጣ። ሳጥኑ በተከፈተበት ጠዋት ምድር ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። የወፉ ክፍል መጣ፤ የዓሣው ክፍል መጣ፤ የነፍሳቱ ክፍል ሰዎች ትኩስ ሻያቸውን እንደያዙ መጡ። በሙያቸው ምክንያት የመጣ አንድም አልነበረም፤ ጠብ ሊያዩ ነው። ጠረጴዛው በፕላስተሩ አናት ላይ፣ ግማሹ በእሱ ግማሹ በእሷ በኩል ተቀመጠ። በጠቅልል በኩል የምዕራቡ እንሽላሊት በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ፤ በሰንጥቂ በኩል አሸዋ ላይ የተተከለ ጭራሮ በሌላ መስታወት ሳጥን ውስጥ።

“እንሽላሊቱስ?” አለ የዓሣው ክፍል ሰው።

“ጭራሮው ላይ።”

“ጭራሮውንማ አየሁት።”

“ዝም ብለህ እይ!”

ሲያይ ሲያይ ከጭራሮው ላይ አንድ አንጓ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። የዓሣው ክፍል ሰው ወደ ኋላ ሲል ሻዩን የወፉ ክፍል ሰው ጫማ ላይ ደፋው። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ ላይ ቆማ “እኔን እንዳታዩ፤ ሻይ የደፋ ራሱ ይወልውል” አለች።

የምዕራቡ አላስቸገረም። ጠቅልል ትንሽ መስታወት ሲያሳየው የገዛ መልኩን ባላንጣ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፣ ማራገቢያውንም ዘረጋ፤ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ቢጫ። “መዝግቡ” አለ ጠቅልል። የሚመዘግብ ሰው አልነበረም።

የምሥራቁ ግን እምቢ አለ። በግራ ሲመጡበት በጭራሮው ቀኝ ይዞራል፤ በቀኝ ሲመጡበት በግራ። ሰንጥቂ ከቦርሳዋ የፊት መስታወቷን አውጥታ ያዘችለት። እንሽላሊቱ ራሱን አየ፤ የራሱ መልክ ሰለቸው መሰል ዓይኑን ጨፈነ። አምፖል አሞቁለት። ትል ሰጡት፤ በላ። ከበላ በኋላ ጭራሽ ተኛ። ጋሽ ይታያል ሰዓታቸውን አይተው፣ “ልጆች፣ ለሌላ ቀን…” ሲሉ ጠቅልል ሳጥኑ ላይ አጎነበሰ።

“ክፈት እንጂ! ምን ትለግማለህ!” ከዚያም ቀና ብሎ እህቱን አያት። “የሰጠሽው ስም ተስማምቶታል አልልም። አንቺን ነው የመሰለው። ሲፈለግ የለም።”

አንቺ አለ። የነፍሳቱ ክፍል ሰዎች ሻያቸውን አስቀመጡ።

“ደግመህ በላት” አለች ሰንጥቂ።

“ሲፈለግ የለም! ስምሽን ስትጠራ ነው ያደረችው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንቺ የመጣሽ እየመሰላት ዓይኗን ትገልጥ ነበር። አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ የሬሳ ጣት ትቆጥሪያለሽ!”

“‘ደህና ናት’ አልከኝ! ‘ሥራሽን ጨርሺ’ አልከኝ!”

“ታዲያ ተንበርክኬ ልለምንሽ ነበር?”

“አዎ! ልትለምነኝ ነበር! እናቴ እየሞተች ከእኔ ጋር እልህ ተጋባህ! ጥፋተኛ ሆኜ እንድቀር ፈልገህ ነው የዘጋኸው!”

ጠቅልል ሲናደድ ልማድ አለው። ያ ረጅም አንገቱ ይነሳና ራሱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚያ ቀን ያሰረው ክራባት ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። ሳጥኑ ላይ አጎንብሶ ሲጮህ ክራባቱ ከአገጩ ሥር ተንጠልጥሎ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ራስ ከፍ ዝቅ፣ ከአገጭ ሥር ቀይ ነገር ውልብ ውልብ።

እንሽላሊቱ ነቃ። በአራቱም አጫጭር እግሮቹ ተነሳ። ጠቅልልን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ ከዓለም ፍጥረት ሁሉ መርጦ፣ የገዛ ወገኑ መስሎት ተጣላው። ጠቅልል ራሱን ሲነቀንቅ እሱም ነቀነቀ። ጠቅልል “አንቺ ልብ የለሽም!” ሲል እሱ ጎኑን አሳበጠ። ሰንጥቂ “አንተ ነህ ልብ የሌለህ!” ስትል እንሽላሊቱ ከአገጩ ሥር ያለውን ቆዳ ፈልቅቆ ዘረጋው።

ቀይ። ቢጫ የሚባል አልነካውም፤ ነጭም አልነበረም። በዚያ ግራጫ ገላ ላይ የተራገበ ፍም ነበር። መብራቱ እንኳ መንቀጥቀጡን የተወ መሰለ።

“እ…” አለ የዓሣው ክፍል ሰው።

ጠቅልል አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እንሽላሊቱ ማራገቢያውን አጠፈ፤ ባላንጣው አለመሸሹን ሲያይ መልሶ ዘረጋው። ምሥራቅና ምዕራብ ጎን ለጎን፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ቀይ። ሕፃን እንኳ የማይሳሳተው ልዩነት ነው። ሰንጥቂ ጠረጴዛውን ያዘች። ስሙ ሊተርፍላት ነው።

ጠቅልል ግን ቶሎ ነቃ። ከኪሱ ያንን መጽሔት አወጣ፤ የታጠፈበት ገጽ ከመነካካት ብዛት ወይቦ ነበር።

“ማራገቢያው ነጭ” ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። “ነጭ! ይህ ነጭ ነው? አየሁት ብለሽ የጻፍሽው ይህንን ነው?”

አልኮል ቀለም እንደሚበላ የዚያ ክፍል ሰው ሁሉ ያውቃል። አዲስ የገባ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው። ቀዩም ቢጫውም ብልቃጥ ውስጥ ሲሰነብት ነጭ ይሆናል፤ ስለዚህ ከብልቃጥ የታየ ቀለም አይጻፍም። ለስንቱ ጀማሪ የነገረችው ራሷ ሰንጥቂ ናት። ያን ሰሞን ግን፣ በዚያ ባበጠ ዓይኗ፣ ከሬሳ ላይ ያየችውን ነጭ “ነጭ” ብላ ጻፈችው።

“ከብልቃጥ ነው ያየችው!” አለ የዓሣው ክፍል ሰው፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት። የወፉ ክፍልም ሳቀ። ነፍሳቶቹም ሳቁ። ሰንጥቂ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

“ሕያው ሆኖ ሳታይው ጻፍሽ” አለ ጠቅልል፤ አልሳቀም። “ሁልጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የምትደርሺው።”

አሁን ጋሽ ይታያል ቆሙ። ሙሉ በሙሉ ቆሙ። “በቃ!” አሉ። በዚህ ቤት ከእሳቸው አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነው። “በሙያችን ስም የሚታሰረው ብልቃጡ ውስጥ ባለው አካል ላይ እንጂ ሰው ስለ እሱ በጻፈው ላይ አይደለም። ካርዷ አልተሳሳተችም፤ እንስሳው ለብቻው ዝርያ ነው። ስሙ ይቆያል። አንቺ ቀለሙን ተሳስተሻል፤ ስህተትሽን በስምሽ አርመሽ በመጽሔቱ ታወጫለሽ። አንተም ቃልህን ፈጽም።”

ጠቅልል ጽሑፉን አወጣ። መጀመሪያ ለሁለት ቀደደው፤ ከዚያ ለአራት፤ ከዚያ እጁ እስኪያቅተው። ቁርጥራጩን በሙሉ በፕላስተሩ ማዶ፣ በእሷ በኩል ወለሉ ላይ በተነው። “ኧረ በፈጠራችሁ!” አለች የጽዳት ሠራተኛዋ።

የቤቱ አንድ ደንብ ገና አልተፈጸመም ነበር። ክርክር የፈታ እንስሳ ከሙዚየሙ አይወጣም፤ ነገ የሚጠራጠር ሲመጣ እንዲያየው ተገድሎ ብልቃጥ ይገባል። ማራገቢያው እንደተዘረጋ ፎቶ ተነሳ። ሰዉ ሻዩን ጨርሶ ወጣ። ጋሽ ይታያል ወጡ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ወጣች። ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ።

ይህን ሥራ እስከዚያ ቀን ለሁለቱም ወገን የሚሠራው ጠቅልል ነበር። በጠባቸው መሐል እንኳ ሕያው የሆነውን እሱ ይቀበላል፤ መርፌውን እሱ ይወጋል፤ ለእሷ በፕላስተሩ ላይ የሚሻገርላት ያለቀለት ነው። ዛሬ መርፌውን ሞላ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ በጣቱ ወደ እሷ በኩል ገፋው።

“ዛሬ አንቺ ነሽ።”

“አልችልበትም።”

“እኔም አልችልበትም ነበር። አንዳችን ግን መገኘት ነበረብን።”

ሰንጥቂ እጇን ሳጥኑ ውስጥ አስገባች። እንሽላሊቱ አልሸሸም፤ ጭራሮ መስሏት ተሸውዳ እንድታልፈው ነው መሰል ድርቅ አለ። ሲይዙት ሞቃት አልነበረም፣ ቀዝቃዛም አልነበረም፤ ከጣቶቿ መሐል ግን የሆነ ነገር ትር ትር ይላል። ያን ሁሉ ዘመን የእግር ርዝመት ስትለካ እንዲህ ያለ ነገር ከእጇ ገብቶ አያውቅም።

“አታጥብቂ። ያመዋል” አለ ጠቅልል ከበሩ። ሊሄድ ነበር፤ አልሄደም፤ መዝጊያውን ይዞ ቆመ። “ከሆዱ ጎን። ዝቅ በይ። አሁን።”

ወጋችው። መዳፏ ላይ አስተኝታ ጠበቀች። ማራገቢያው አንዴ፣ ከልማድ ሊሆን ይችላል፣ ፈለቅ አለ፤ ቀዩ ታየ፤ ታጠፈ። ትርታው እየሳሳ ሄደ። ሲያበቃ ወዲያው አላስቀመጠችውም። ከዚያ በቀጭን መቆንጠጫ የአገጩን ቆዳ ስባ ዘረጋችና፣ እንደዚያው ተዘርግቶ እንዲደርቅ ሰሌዳው ላይ በመርፌ ቁልፍ ወጋችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋጋች። እንዳይበሰብስ ፎርማሊኑን አፈሰሰችበት፤ ሽታው ዓይኗን አቃጠለው። የእናቷን ስም ካርዷ ላይ ጽፋ እግሩ ላይ አሰረች።

ጀርባዋን እንደሰጠችው ጠየቀችው። “ጋሼ፣ እማዬን… አሟት ነበር?”



“ብትመጪ ታዪ ነበር” አላት።

ከዚያ ወጣ፤ ብልቃጦቹ እንዳይነቃነቁ በሩን በቀስታ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዘጋው።

እዚህ ላይ ግን ምላሴ እንዳይበጠስ ፈራሁ። ቀይ ክራባቱም እውነት ነው፤ እንሽላሊቱ ሰው መጣላቱም እውነት ነው፤ የጋሽ ይታያል “በቃ” ማለትም ከሁሉ ይልቅ የማይታመን ቢሆንም እውነት ነው። በሩን በቀስታ ዘጋ ያልኩት ብቻ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ታሪኩ ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲያዝን ብዬ ጨመርኩት። በሩን ያጋጨው ግድግዳው እስኪርድ ነው። መደርደሪያው ሁሉ ተናወጠ፣ አልኮሉ ወዲያ ወዲህ አለ፤ በየብልቃጡ ያሉት እንሽላሊቶችም ራሳቸውን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረጉ።